ሩዝም ሣር ነው

ከአንኮበር ወደ ቆላ የወረድነው መሬት አጥተን ነው። የባለቤቴ አባት ማሳ ለወንድማማቾቹ ሲከፋፈል ለእሱ የደረሰችው ድንጋይ የበዛባት ጠርዝ ብቻ ነበረች። ገብስ ዘራንባት፤ ያፈስነው ከዘራነው እምብዛም አልበለጠም። በዚህ መሐል ከአሊዩ አምባ በታች ወንዝ ዳር መሬት የነበራቸው አጎቱ ጉልበታቸው ደከመና «ና እረሰው፤ ብቻ ክረምት ክረምት ውሃ ይተኛበታል» አሉት። ውሃ መተኛቱን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። ገና መጋባታችን ነበር፤ ልጅም አልወለድንም። ጓዛችንን በአህያ ጭነን ቁልቁለቱን ወረድን።

ውሃው ግን የዋዛ አልነበረም። መጀመሪያ የዘራነው ጤፍ ሥሩ በሰበሰ። በዓመቱ ማሽላ ሞከርን፤ ጉልበት እንኳ ሳይደርስ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ ያኔ ሳቂታ ሰው ነበር። ጭቃው ውስጥ ቆሞ «ይሄ መሬት እህል አይደለም የሚፈልገው፤ ዓሣ ነው» ይለኛል፤ እኔም እስቃለሁ።

ከማሳችን በላይ፣ ውሃ የማይደርስበት ደልዳላ ላይ፣ የአንዲት ባልቴት ማሳ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጃቸው አዲስ አበባ የሚኖር ሙስሊም ሴት ናቸው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። በየዓመቱ የሚዘሩት ማሾ የሚባለውን አረንጓዴ ጥራጥሬ ነው። ለቆላው ባዳ ሆኜ ስወርድ የሚጠጣው ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ በቀትር ከቤት እንዳልወጣ፣ ጫማዬን ሳላራግፍ እንዳላጠልቅ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወባ የያዘኝ ጊዜ ከቤታቸው እየተመላለሱ ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። የራሴ እናት አንኮበር ላይ ስለነበረች፣ ለእኔ ቆላው ማለት እትዬ ነበሩ።

ሩዝን ያመጣልን የቀበሌያችን የልማት ሠራተኛ ነው። በሞተር ሳይክል የሚመላለስ ወጣት ነበር። አንድ ቀን ማሳችን ዳር ቆሞ በጫማው አፈሩን ጫን ጫን አደረገና «ይሄ እኮ የሩዝ መሬት ነው፤ በከንቱ ነው የምትለፉት» አለን። ዘሩንም እሱው አመጣልን። ሌላ አገር ችግኝ አፍልቶ መትከል የሚባል ነገር እንዳለ ነገረን፤ ለዚያ የሚሆን ውሃም ጉልበትም ስላልነበረን ግን ዝናቡ ሳይገባ እንደ ጤፍ በደረቁ በትነን እንድንጠብቅ መከረን።

«አንድ ነገር ግን እወቁ» አለ። «በብተና ሲዘራ ሩዙና አረሙ እኩል ነው የሚበቅሉት። አረሙን በሕፃንነቱ ካልያዛችሁት ሩዙን ይውጠዋል።»

የዚያን ዓመት ያዝነው። የአካባቢው ሴቶችና ልጃገረዶች በወንፈል ገቡልን፤ እኔም በተራዬ ማሽላቸውን አረምኩላቸው። ጎንበስ ብለን በመደዳ እንሄዳለን፤ ከፊት ያለችው ታቀነቅናለች፣ ከኋላ ያለነው እንቀበላለን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ወገቤ ይቆረጥ ነበር፤ ግን በየምሽቱ ያረምነውን ቦታ ዞር ብዬ ሳየው ጸድቶ ሩዙ ብቻውን ቆሞ ይታየኛል። ኅዳር ላይ አጨድነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አዝመራ የእኔ ሆኖ አላየሁም። እኔ ሩዝ ማብሰል አላውቅም ነበርና እትዬ መጥተው በቅመምና በሽንኩርት ሠሩልን። «ለኢድ ከሱቅ የምንገዛው ከደጃችን በቀለ፤ አልሃምዱሊላህ» አሉ፤ ባለቤቴንም ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እሱ አንገቱን ደፍቶ እንደ ሙሽራ አፈረ።

በሚቀጥለው ክረምት አራሚ ጠፋ።

ወንፈል ልጠይቅ በየቤቱ ዞርኩ። ከፊት ሆና ታቀነቅን የነበረችው ልጅ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብታለች። እህቷ አረብ አገር ሄዳለች። ሌላዋ ቤት ስደርስ እናቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሄደች ልጃቸው እንድትደውል የሚጠብቁበትን ስልክ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «እስቲ ይቺ ነገር ጠራች ወይስ አልጠራችም ልጄ?» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ስለ አረም አንድም ቃል ሳልናገር ወጣሁ። ወንዶቹም ቢሆኑ ጊዜው ጊዜ ስላልነበረ የወጣው ወጥቷል፣ የቀረውም ከቤቱ አይርቅም። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። እኛ ግን ዘርተን ነበር። ዝናቡ ገብቶ ማሳው አረንጓዴ ሆኗል፤ ከዚያ አረንጓዴ ውስጥ ስንቱ ሩዝ እንደሆነ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ባለቤቴ በደጋው ስንዴ ላይ ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ሲረጭ ያደገ ነው። ቅጠለ ሰፊውን አረም ለቅሞ ይገድላል፣ ስንዴውን አይነካም። «ለሩዝም ያው ነው ብሎኛል የልማት ሠራተኛው» አለኝ። መርጫውን ከአጎቱ ጎተራ አወጣው፤ ያረጀ፣ በጀርባ የሚታዘል ነው። ክዳኑ አይገጥምም። ውሃ ሞልቶ ሲሞክረው ወገቡ ላይ ጠብ ጠብ አለበት።

«ይሄ ነገር ገላህን ያቃጥልሃል» አልኩት።

«ጆንያ አደርግበታለሁ።»

የማዳበሪያ ጆንያ ጀርባው ላይ አጥፎ አሰረና መርጫውን በላዩ አዘለው። ማለዳውን አየሩ ጸጥ ያለ ነበር፤ መልካም ሄደለት። ረፋዱ ላይ የመርጫው አፍንጫ በደለል ተደፈነበት። ፈትቶ፣ በእሾህ ወጋግቶ፣ መልሶ እስኪገጥመው ፀሐዩ ከፍ አለ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ከቆላው ወደ ላይ የሚነፍስ ነፋስ አለ፤ በየቀኑ የሚነሳ ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። የቀረችው የላይኛዋ ጥግ ብቻ ነበረች። «ነገ ጨርሰው» አልኩት። ሰማዩን አየ፤ ደመና ይዟል። «ነገ ከዘነበ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ» አለና ቀጠለ። ሽታው ቤት ድረስ መጣብኝ፤ ጉሮሮን የሚይዝ፣ እንደ ቀለም ያለ ሽታ ነው።

ያን ምሽት ልብሱን ሲያወልቅ የወገቡ ቆዳ የፈላ ውሃ እንደነካው ቀልቶ ነበር። በሳሙና አጠብኩለት። ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ከዚያ በኋላ ሳል ጀመረው፤ ጨርሶ ሳይተወው እስከ ዛሬ አለ።

በቀናት ውስጥ ቅጠለ ሰፊው አረም አንገቱን ደፋ፣ ተጠማዘዘ፣ ወደቀ። ሩዙ ቀና አለ። ባለቤቴ በጠዋት እየተነሳ ማሳውን ይዞራል፤ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነው። «አየሽ? ወንፈል ቀረብን ብለሽ አልነበር?» አለኝ። ደስታው አሳሳኝ።

በዚያው ሳምንት እትዬ ወደ ቤቴ መጡ። እንደ ልማዳቸው አልገቡም፤ ደጅ ቆመው ጠሩኝ። በነጠላቸው ጫፍ የያዙትን ገልጠው አሳዩኝ። የማሾ ቡቃያ ነው። ቅጠሉ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፣ ግንዱ እንደ ተጣመመ ጣት ዞሯል። አበባ ለመያዝ የተቃረበ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ምን በሽታ ነው? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ንገሪኝ።»

የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ግን ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም ነበር፤ እኛ ማሳ ውስጥ የሞተው አረም የሞተው ልክ እንደዚያ ተጠማዝዞ ነው። ባለቤቴ ከቤት ወጣና ቡቃያውን ከእጃቸው ተቀበለ። አገላበጠው። ከዚያ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አስቆሙት።

«ተው! ምን ሆነሃል?»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። ነፋሱ ነው የወሰደው። እኔ ነኝ ግን።»

እትዬ ማሳቸው ወዳለበት ዞረው አዩ። «ሙሉውን ነው?» አሉ፤ ለማን እንደሚሉት አላውቅም። ባለቤቴ በሽማግሌ ይታይ፣ ካሣ ልክፈል አለ። እትዬ እጃቸውን አወናጨፉ። «ነፋስን ማን ይከሰዋል? አላህ ያመጣውን አላህ ይመልሰዋል» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ቢቆጡ ኖሮ፣ ቢረግሙን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ውሃ ልቀዳ በደጃቸው ሳልፍ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ ግን «ግቢ» አይሉኝም። እኔም ሳልጠራ የምገባበት ፊት አልነበረኝም።

ሩዙም ቢሆን ደስታው አልቆየም። ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊውን ብቻ ነው የሚገድለው። ቅጠለ ሰፊው ሲወገድ ለሣሩ ቦታ ተለቀቀለት። ሙጃው፣ እንግጫው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሩዝ የሚመስለው ያ ሣር፣ ስሙን እስከ ዛሬ የማላውቀው፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ማሳውን ሞላው። ከሩቅ ያየው ሰው «ሩዛችሁ አማረ» ይለናል። ሁለታችን ብቻ ነን የምናውቀው።

ጎንበስ ብለን በእጅ መንቀል ጀመርን። ሩዙን ከሣሩ የሚለየው ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ሩዙ እዚያ ላይ ቀጭን ልባስና ጠጉር ያላት ትንሽ ጆሮ አለው፣ ሣሩ ግን ልሙጥ ነው። ይህን የልማት ሠራተኛው ነው ያሳየን። መጀመሪያ በዓይኔ እየለየሁ ነበር፣ በኋላ ጭቃው ሁሉንም አንድ ሲያደርገው በጣቴ እየዳሰስኩ። ጆሮ ካለው ተወው፣ ከሌለው ንቀለው። ጣቶቼ ተሰነጣጠቁ። ባለቤቴ ከማሳው በአንዱ ጫፍ እኔ በሌላው ሆነን ቀኑን ሙሉ ስንነቅል እንውላለን፤ መሐል ላይ ሳንገናኝ ይመሻል። ጫፍ ላይ የነቀልነው ደግሞ መሐሉን ስንጨርስ እንደ አዲስ በቅሎ ይጠብቀናል።

አንድ ቀን ቀና ብዬ ባለቤቴን ፈለግሁት። ጭቃው ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ነቅሎ የያዘውን ቡቃያ እያየ ነው። ተጠግቼ ሳየው ሩዝ ነው። ዙሪያውን የተከመረውም ሩዝ ነው።

«ሩዙን እኮ ነው የምትነቅለው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ዓይኔ መለየት ተወኝ።»

የልማት ሠራተኛውን ጠራነው። ማሳው ውስጥ ገብቶ አየ፤ እያየ ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። ሩዙን ሳይነካ ሣሩን የሚገድል መድኃኒት መኖሩን ነገረን። «ግን መረጨት የነበረበት ሣሩ ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ነው። አሁንም ቢሆን ጥቂት ሊያደርግ ይችል ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከደረሰ አመጣላችኋለሁ» አለ። መንገዱ ግን በዚያው ሰሞን ተዘጋ። ስልክ ሲያገኝ ይደውልልናል፤ «ነገ ይከፈታል እየተባለ ነው» ይለናል። ቅን ልጅ ነበር። ነገው ሳይመጣ ሣሩ ወገባችን ደረሰ።

ባለቤቴ መጠበቅ አልቻለም። የአሊዩ አምባ ገበያ ዕለት ወጣ። ሲመለስ የውሃ ፕላስቲክ ይዟል፤ ውስጡ ብጫ ነገር አለ። ጽሑፍ የለበትም።

«ምንድን ነው?»

«ሣር ይገድላል።»

«ማን አለ?»

«ሻጩ ነዋ። ከላይኛው አገር ነው የመጣው፣ ገበሬ ሁሉ ይወስደዋል አለኝ።»

«ለሩዝ ይሆናል ብሎሃል?»

ጠርሙሱን ከእጁ ልቀበለው ስል ወደ ኋላው አሸሸው። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ልጅ አሻንጉሊቱን እንደሚደብቅ። «ለልማት ሠራተኛው እስክናሳየው ጠብቅ» አልኩት። «መጠበቅ ነው ያጠፋን» አለኝ። ማለዳ ነፋስ ሳይነሳ ረጨው። እትዬ ማሳቸው ዳር ቆመው ሲያዩት ነበር። የእሳቸው ማሾ ሞቶ አልቋል፤ የሚፈሩለት ነገር አልነበራቸውም። ቢሆንም ቆመው ነበር፤ እስኪጨርስ ድረስ ቆሙ።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። ከዚያ የሣሩ ጫፍ ገረጣ። ባለቤቴ «ያዘው» አለ። በማግሥቱ ብጫነቱ ወደ ታች ወረደ። እኔ ማሳው ውስጥ ገባሁና አንዱን ቡቃያ ግንዱ ላይ ዳሰስኩት። ጆሮ አለው። ሌላውን ዳሰስኩ። እሱም አለው። ብጫው ማሳውን ከዳር እስከ ዳር በእኩል ነው የሸፈነው፤ አንድም አረንጓዴ ሆኖ የቀረ የለም።

ባለቤቴ ድንበሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሳልነግረው ገባው። በጣም ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ፣ «ለካ ሩዝም ሣር ነው» አለ።

ይህችን ቃል ሲናገር የነበረውን ፊት መርሳት አልቻልኩም። አላለቀሰም፣ አልተራገመም። አንድ ሰው ሲያጠነጥነው የኖረው ነገር ድንገት ሲገለጥለት እንደሚሆነው፣ ነቅቶ ነበር። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ቤት ሄደና ተኛ።

ለሳምንታት ከቤት አልወጣም። ምግብ አቀርብለታለሁ፤ አንድ ጉርሻ ወስዶ ይተወዋል። ሳሉ በረታ። «እንነሳ፣ ማሽላ እንኳ ባይሆን ሽምብራ እንዝራበት፣ ዝናቡ ሊወጣ ነው» አልኩት። «አንቺ ዝሪው» አለኝ። ተናደድኩ። የወረድነው እኮ አብረን ነው፤ ጣቶቼን አሳየሁት፣ ጮህኩበት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ጊዜ ቁጣዬ ከየት እንደመጣ እንደዚያው ጠፋ፤ ቦታውን የያዘውን ነገር ስሙን አላውቀውም፤ ከቁጣ የሚከብድ ነው።

ዘር ለምኜ ብቻዬን ሽምብራ ዘራሁ። አልበቀለም። መሬቱ የወሰደው መድኃኒት ይሁን ወይ እርጥበቱ አጥሮት፣ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የበቀለው ሣሩ ነው። ላዩ ሞተ ያልነው፣ አንዳንዱ ከሥሩ፣ አንዳንዱ ከጣለው ዘር፣ በጥቅምት ፀሐይ ለምለም ሆኖ ወጣ።

እትዬን ልጃቸው ሊወስዳቸው መጣ። የዓመት ቀለባቸው ያ ማሾ ነበርና ብቻቸውን ሊኖሩ አልቻሉም። የሚሄዱ ዕለት ፍርሃቴን ውጬ ቤታቸው ገባሁ። ጥቂት ዕቃቸውን ሸክፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «እትዬ፣ አውፍ በሉን፤ ይቅር በሉን» አልኳቸው።

«አውፍ ብያችኋለሁ ወላሂ» አሉኝ። ከዚያ እጄን ያዙ። «ግን እዚህ ነበር መቀበር የምፈልገው፣ ከባለቤቴ አጠገብ። እዚያ አገር ማን ያውቀኛል?»

ዕቃቸውን ተሸክሜ መኪና መንገድ ድረስ ሸኘኋቸው። ባለቤቴ ከቤት አልወጣም። በተከታዩ ክረምት ማለፊያ ላይ ማረፋቸውን ሰማን። የተቀበሩት አዲስ አበባ ነው።

እኛም ወጣን። አሁን ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ክር አጠነጥናለሁ፤ እሱ መጋዘን ይጠብቃል። ብርዱ ሳሉን ያባብስበታል። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ «በሥራህ ምን ትነካ ነበር?» ሲሉት «ምንም፣ ገበሬ ነበርኩ» አላቸው። እኔ ስለ መርጫው ልናገር ስል በዓይኑ አስቆመኝ። ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቷል። ከሰው ጋር ያወራል፣ ሥራውን ያከብራል፣ ከእኔም ጋር ክፉ ቃል አልተለዋወጥንም። ብቻ ሰውየው የለም። አንዳንዴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ «ምን እያሰብክ ነው?» እለዋለሁ። «ምንም» ይለኛል፤ ደግሞም አምነዋለሁ።

ባለፈው ግንቦት አጎቱ ስለ መሬቱ ለመነጋገር አስጠሩንና ወረድን። ለእኩል አራሽ ሰጥተውት ነበር፤ ሰውየው አንድ ክረምት ከአረሙ ጋር ታግሎ እጁን አንስቷል። አጎቱ በከዘራ ተደግፈው ድንበሩ ላይ ጠበቁን። ማሳው ሰው የሚያህል የደረቀ ሣር ሆኗል፤ ከእሱ ሥር አዲሱ ወጥቷል። የእትዬ ማሳም ያው ነው፤ ድንበሩን መለየት አልቻልኩም።

«እንግዲህ ልጄ፣ ምን ይሻላል ትላለህ?» አሉት አጎቱ። «አንድ መድኃኒት መጥቷል ይላሉ፤ ከመዘራቱ በፊት የሚረጭ። ትሞክረው?»

ባለቤቴ ሣሩን አየ። «ከብት ይልቀቁበት» አለ።

«ከብትስ ይብላው። ግን መሬት ነው እኮ፤ የአባቶችህ መሬት ነው።»

«አውቃለሁ አባባ። ይልቀቁበት።»

አጎቱ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ አንድ ነገር እንድል የፈለጉ ይመስለኛል። በሬዎቻቸውን የሚጠብቀውን ሰው ጠሩ። ከብቶቹ እየተግተለተሉ ገቡ፤ ሣሩ በሆዳቸው ሥር ሲተኛና ሲሰበር ድምፁ ይሰማ ነበር። ባለቤቴ ጥቂት አያቸውና ወደ መንገዱ መራመድ ጀመረ። እኔም ተከተልኩት።

በአይሱዙ ተሳፍረን አቀበቱን ስንወጣ አጠገባችን የተቀመጠች ሴት ከየት እንደምንመጣ ጠየቀችን። ከወንዙ ዳር አልኳት።

«ምን ትዘራላችሁ እዚያ?» አለች።

ባለቤቴ እስኪመልስላት ጠበቅሁ። በመኪናው ጎን ወደ ገደሉ እያየ ነበር፤ አልሰማትም ወይም ሊሰማት አልፈለገም። ስለዚህ እኔ መለስኩላት። «አንዘራም» አልኳት።